ብርድ የሚያውቁ ሰው

«ከዛሬ ጀምሮ የእኔ የልጅ ልጅ ከዚች ልጅ ጋር ከአንድ ሳህን አይበላም፤ ከአንድ ምንጣፍም አይቀመጥም» አሉ አባባ ኤርጫፎ። በሹክሹክታ ቢሉት ኖሮ ያን ያህል ባልከፋኝ። ያሉት ግን በመዋዕለ ሕፃናታችን በር ላይ፣ ወላጅ ሁሉ ልጁን ይዞ በሚጋፋበት ሰዓት፣ ለዳይሬክተሯ ለሲስተር ነው። «ይህች ልጅ» የተባለችው አርሴማ የእናቷን እጅ ይዛ እዚያው ቆማለች። እናትየው ሰማች። ሰምታም የልጇን የደንብ ልብስ አንገትጌ ታስተካክላለች፣ የተስተካከለውን መልሳ ታስተካክላለች። አርሴማ ቀና ብላ አየቻት፤ እናትየው ግን ልጇን ላለማየት ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። እናትና ልጅ በሰው ፊት እንዲህ ዝም ሲባባሉ ማየት ከስድቡ ይልቅ ያማል።

የአርሴማ እናት ሸክላ ሠሪ ናት። አርባ ምንጭ ውስጥ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ገበያ ዳር ድስትና ጀበና ደርድራ ትሸጣለች፤ እኔ ራሴ አምና በሃያ አምስት ብር የገዛኋት ድስት እስካሁን ወጥ ታጣፍጥልኛለች። በጋሞ ደጋ ግን ሸክላ ሠሪ ከጥንት ጀምሮ እንደ ሌላ ዘር ይቆጠራል፤ አብረውት አይበሉም፣ ቤቱ አይገቡም፣ አይጋቡትም። ድስቷን ይወዱታል፣ እጇን ይጸየፉታል። አርባ ምንጭ ከተማ ነው፣ ይሄ ነገር ድሮ ቀረ ይባላል። ቀረ የሚሉት እነማን እንደሆኑ ግን ልብ ብላችሁ እዩ፤ አንድም ቀን ያልደረሰባቸው ናቸው። አባባ ኤርጫፎም ቢሆኑ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑማ ነገሩ በቀለለን ነበር። ከጨንቻ በላይ ካለው ተራራ የወረዱ ሽማግሌ ናቸው። ሰፈር ሲጣላ አስታራቂው እሳቸው፣ የልጅ ልጃቸውን የነህምያን ቦርሳ በትከሻቸው አንጠልጥለው ልጁን የሚያመላልሱትም እሳቸው። ባለፈው ሳምንት ነህምያን አተኮሰው። ጤና ጣቢያ ወባ ነው ብለው መድኃኒት ሰጡት፣ ዳነም። አባባ ግን ልጁ ከአርሴማ ምሳ ዕቃ መብላቱን ከራሱ አፍ ሰሙ። «ወባዋስ በምን መጣች? ጎሜ ናት!» አሉ። ጎሜ በደጋው ሰው ዘንድ ሥርዓት ሲጣስ በቤተሰብ ላይ የሚወርድ መዓት ነው። አማርኛ የተማሩት ጎልምሰው ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም እንደመጣላቸው ይጠሩታል፤ ቁጣቸው ግን በየትኛውም ቋንቋ ይገባል።

እኔ ዓለሚቱ የክፍሉ ረዳት ነኝ። አፍንጫ እጠርጋለሁ፣ ጫማ አስራለሁ፣ ሽንት ቤት አደርሳለሁ። መምህሯ አገኘሽ ናት፤ የካምባ ልጅ፣ ገና ሃያ አራት ዓመቷ፣ ነፋስ የሚወስዳት የምትመስል ቀጭን ሴት። ራሷ ኦርቶዶክስ ናት፤ በካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ እመቤታችንና ስለ ሕፃኑ በማስተማር ግን የሚቀድማት የለም። ያን ጠዋት ሲስተር ሁለታችንንም ወደ ቢሮዋ ጠራችን። ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ የሚንቀጠቀጥ የግድግዳ ማራገቢያ፣ ጥግ ላይ የተከመረ የፋፋ ካርቶን። ሲስተር ደግ ሴት ናት፣ ፍርሃት ግን ደግን ሰው ያጎብጣል። «ሽማግሌው ልጁን ካስወጡ ሌሎቹም ይከተላሉ» አለቻት አገኘሽን። «አርሴማን ለብቻዋ በሩ ጋ አስቀምጫት፤ እስከ ገና ድረስ ብቻ። ስድስት ተኩል ላይ እናቷ ልትወስዳት ስትመጣ አንቺው ንገሪያት።»

አገኘሽ ነገሩ የት እንደሚያደርስ ከሲስተር ይልቅ ታውቀዋለች፤ እናትየው ከበር ላይ ልትሄድ ስትል ጠጋ ብላ የነገረቻትን እኔም ሰምቻለሁ። «ለብቻዋ የምትቀመጥ ከሆነ ንገሪኝና ልውሰዳት። ለብቻ መቀመጥማ ጭቃውም ዘንድ አለ» ነበር ያለቻት። ስለዚህ ስድስት ተኩል ላይ ያ ወሬ ከተነገራት የአርሴማ ትምህርት በዚያው ያበቃል። ከሠላሳ ልጅ መሐል መጀመሪያ ስሟን መጻፍ የቻለችው እሷ ነበረች።

«እሺ ሲስተር፣ በሩ ጋ ትቀመጣለች» አለች አገኘሽ በመጨረሻ። ደሜ ፈላ። እሷ ግን ቀጠለች፤ «አንድ ነገር ግን ይፈቀድልኝ። የዛሬው ትምህርት ስለ ብርድ ነው። እዚህ ቆላ ተወልዶ ያደገ ልጅ ስለ ብርድ ምን ያውቃል? አባባ ኤርጫፎ አምስት ሰዓት ላይ መጥተው ይንገሩልን።» ሲስተር ሽማግሌው እንዲከበሩ መፈለጓ መሰላትና ደስ ብሏት ላከችባቸው። እኔ ግን መተላለፊያው ላይ ክንዷን ያዝኩና «አንቺ ልጅ ልትታረቂያቸው ነው ወይስ ልትሸነፊላቸው?» አልኳት። «ብርድ የሚያውቅ ሰው ነው የፈለግኩት፣ እትዬ ዓለሚቱ» አለችኝና ገባች። እውነቷን ይሁን ተንኮሏን እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ከዚያ ያደረገችውን ልንገራችሁ። አርሴማን በሩ ጋ አስቀመጠቻት፣ እንደታዘዘችው። ቀጥላ የራሷን በርጩማ አንስታ አርሴማ አጠገብ አኖረች። ተንቀሳቃሿን ሰሌዳ ጎተተች፤ የሥዕል ካርዶቹን፣ የቀለም እርሳሱን፣ ለገና የተሠራውን ግርግም ሳይቀር ወደ በሩ አጓጓዘች። ምንጣፎቹን አዙረን አነጠፍን። ልጅቷ ወደ ዳር አልወጣችም፤ ክፍሉ ነው ወደ እሷ የዞረው። ትናንት ከኋላ የነበሩት ፊት ሆኑ፣ ፊት የነበሩት ኋላ ቀሩ፤ ማቴዎስ የተባለው ወፍራሙ ልጅ «እኔም በሩ ጋ! እኔም በሩ ጋ!» እያለ አለቀሰ። ሲስተር በመተላለፊያው ስታልፍ ቆም ብላ አየች። ትእዛዟ አንዳች ሳይጎድልበት ተፈጽሟል፤ ምን ትበል? እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ሳቅሁ። አሥራ አንድ ዓመት ረዳት ሆኜ ብዙ አስተማሪ አይቻለሁ፤ እንዲህ ታዞ እንዲህ የሚያምፅ ግን አላየሁም።

የታኅሣሥ ትምህርታችን «ብርድና ልደት» ይባላል። ከውጭ የተላከልን መጽሐፍ ውስጥ ካፖርት የደራረቡ ሕፃናት፣ አፍንጫው ካሮት የሆነ የበረዶ ሰውዬ ሞልቷል። አገኘሽ መጽሐፉን አክብራ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣዋለች፤ እዚያው ይቀመጥ። ግርግሙን በቀርከሃ እንደ ዶርዜ ቤት አድርጋ ከልጆቹ ጋር ጎንጉናዋለች። ደግ ሥራ የሠራ ልጅ ከውስጡ አንድ ቁንጣሪ ጥጥ ያኖራል፣ ሕፃኑ ሲመጣ እንዳይበርደው። የጓደኛውን የወደቀ እርሳስ ያነሳለት፣ የተጣላውን ያስታረቀ፣ ሳያለቅስ ከእናቱ የተለየ ሁሉ ጥጥ አለው። ያን ጠዋት ደግሞ ከዓሣ ሻጮቹ በሦስት ብር የገዛችውን በረዶ በሳፋ ይዛ መጣች። ልጆቹ ተራ በተራ እጃቸውን እየነከሩ ጮሁ። ኢያኤል የምትባለው ቀበጥ ጣቷን አሽታ «ቲቸር፣ ብርድ ዓሣ ዓሣ ይሸታል» አለች፤ ክፍሉ በሙሉ ተቀበላት። አገኘሽ ሳቋን እየዋጠች እመቤታችንና ቅዱስ ዮሴፍ በብርድ ሌሊት ማደሪያ ፍለጋ ከበር በር እንዴት እንደተንከራተቱ፣ ቦታ የለም እየተባሉ እንዴት እንደተመለሱ ነገረቻቸው። ልጆቹ የደረቀ አፋቸውን ከፍተው ሰሙ። የቆርቆሮው ጣሪያ ከላይ እሳት ያወርድብናል።

በአራት ሰዓት ምሳ ዕቃ ተከፈተ። ነህምያ እንደ ልማዱ ወደ አርሴማ ሊጠጋ ተነሳና አያቱ ያሉት ትዝ ሲለው መንገድ ላይ ቆመ፤ ወደፊትም ወደኋላም አልሄደም። አርሴማ ቅቤ ያልነካው የተቀቀለ ስኳር ድንች ነው የያዘችው። ክዳኑን ከፈተች፣ አየችው፣ መልሳ ከደነችው። ያኔ አገኘሽ እጇን ዘረጋችና «አካፍዪኝ፣ ርቦኛል» አለቻት። የገና ጾም ነው፤ አገኘሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ እንደማትቀምስ ማንም ያውቃል። ድንቹን ለሁለት ገምሳ፣ ከአንዱ ክዳን ላይ፣ ልጆቹ ሁሉ እያዩ በላች። «ጾምሽስ?» አልኳት ቀስ ብዬ። «ፈጣሪ ሰዓት ያያል እንጂ ሰው አያይም ያለሽ ማነው?» አለችኝ። ነህምያም መጥቶ ተቀመጠ። አልበላም፣ ግን ተቀመጠ።

አባባ ኤርጫፎ አምስት ሰዓት ላይ መጡ፤ የክብር ኮታቸውን ለብሰው፣ በትከሻቸው አንድ ትልቅ ቡሉኮ አጣጥፈው። የደጋውን ብርድ ያለ ቡሉኮ እንዴት አድርጌ ልንገር ብለው ነው ያመጡት፤ አባታቸው የሸመኑት እንደሆነ ነገሩን። ከበሩ ሲገቡ ክፍሉ በሙሉ ወደ እሳቸው ዞሮ ጠበቃቸው፤ የተዘጋጀላቸው ወንበር ከአርሴማ ምንጣፍ አጠገብ ነው። ግንባራቸው ተቋጠረ። አገኘሽን አዩዋት፤ እሷ ግን ጎንበስ ብላ እጅ ነሳቻቸው። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «እንደምን አደሩ አባባ!» ብለው ጮሁ። እንዲህ ተብሎ ሰላምታ የተሰጠው ሽማግሌ ጀርባውን አይሰጥም። ተቀመጡ፤ ወንበሩን ግን አንድ ጫማ ያህል ከአርሴማ አራቁት።

ቡሉኮውን ዘርግተው ልጆቹን ከሥሩ አስገቧቸው። «በእኛ አገር ማታ ማታ ቤተሰቡ ሁሉ ከአንድ ቡሉኮ ሥር ነው የሚተኛው» አሉ። በዚያ ሙቀት ውስጥ ሃያ ዘጠኝ ሕፃን ከከባድ የጥጥ ልብስ ሥር ገብቶ ሲንተከተክ ይታያችሁ። ጫፉ አርሴማ እግር ጋ ደረሰ። ማንም ምንም አላላትም፤ ራሷ እግሯን ሰበሰበች። አምስት ዓመቷ ነው፣ መቼ እንደሚሰበሰብ አውቃለች። ይህን አባባም አይተዋል፣ ምክንያቱም ዓይናቸውን ቶሎ አነሱ።

ሲናገሩ ግን ያምርባቸዋል፣ አልክድም። ውርጭ ሲወርድ ሣሩ ጨው እንደተነሰነሰበት እንደሚነጋ፣ ሲረግጡት ከእግር ሥር እንደሚንኮሻኮሽ፣ የእንሰቱ ቅጠል በአንድ ሌሊት እንደሚጠቁር፣ ከብቶቹ ለትንፋሻቸው ሲባል ከሰው ጋር እንደሚያድሩ ነገሩ። ልጆቹ ላባቸውን እየጠረጉ «ብርርር» አሉላቸው። ሞቅ ሲላቸው ደግሞ ነህምያ ከቤት የሚያውቀውን ታሪክ ጀመሩ። «እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከእናቴ ጋር ከለቅሶ እንመለሳለን፤ ታናሽ ወንድሜ በጀርባዋ ነው፣ ገና ጡት ይጠባል። ጉም ወረደ፣ በረዶ መታን፣ መሸብን። ብርዱ ክፉ ናት፣ ልጆቼ! መንገዱ ጠፋ። ከግራር ሥር ቆመን አደርን። ጠዋት እናቴ ልታጠባው አወረደችው፤ አልነቃም። ብርድ እንዲህ ነው፣ ሰው ይወስዳል።» ይህን ብለው እንደጨረሱ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መታ አደረጉ።

ሰሊሆም የምትባለው ትንሿ ልጅ ከቡሉኮው ሥር አንገቷን አወጣች። «አባባ፣ እንደ እመቤታችን ማደሪያ አጥታችሁ ነው?»

«አዎ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ቃሉ ከንፈራቸው ላይ ደርሶ ሲመለስ አየሁት። ሽማግሌው የነገሩን ወግ ለስንት ዓመት ስንት ሰው ፊት አውግተውታል፣ ስንቱ ከንፈሩን መጦላቸዋል፤ ይህን ግን የጠየቃቸው አልነበረም መሰለኝ። አገኘሽ ልታግዛቸው ትችል ነበር። «እሺ ልጆች፣ እናጨብጭብላቸው» ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር፤ እኔ ብሆን እንዲያ ነበር የማደርገው። እሷ ግን እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ በትዕግሥት ጠበቀቻቸው። አስተማሪነት መናገር ብቻ የሚመስላቸው ያን ዝምታዋን ባዩት።

«ቤትማ ነበረ» አሉ አባባ ኤርጫፎ። ድምፃቸው ወረደ። «ቅርብ ነበረ። እሳት ይታያል። ሴትዮዋ ድምፃችንን ሰምታ ችቦ ይዛ ወጣች። ግቡ አለችን። ደጋግማ ግቡ አለችን። ሕፃኑን አሳየኝ ብላ እናቴን ለመነች።»

«ለምን አልገባችሁም?» አለ ነህምያ። ይህ ከቤት የሚያውቀው ታሪክ ውስጥ አልነበረም።

አባባ የልጅ ልጃቸውን አዩት። «ሸክላ ሠሪ ነበረች» አሉ።

ልጆቹ የቀረውን ጠበቁ። ለእነሱ ይህ ገና መልስ አልሆነም። «እና?» አለች ኢያኤል።

እና የሚባል ነገር አልነበረም። አባባ ኤርጫፎ ለዚህች ለአንዲት ቃል መልስ ፈልገው ጣሪያውን አዩ፣ በሩን አዩ፣ እጃቸውን አዩ። ከዚያ ለእኛም ለልጆቹም ያልሆነ በሚመስል ድምፅ «እሷ በሯን አልዘጋችም» አሉ። «ዝናቡ እየገባባት ከፍታው አደረች። እኔ ከዛፉ ሥር ሆኜ እሳቱን እያየሁ ነው የነጋው። እናቴ ወደዚያ አትይ ትለኛለች። እኔ ግን አያለሁ።» ዓይናቸው ሞላ፤ ሊያብሱትም አልሞከሩ። ያን ሰው ጠዋት እንዴት እንደጠላሁት ልነግራችሁ አልችልም፤ ያን ጊዜ ግን ከነኮታቸው የሰባት ዓመት ልጅ ሆነው ታዩኝና አብሬ አለቀስኩ።

ወንበራቸውን መልሰው ወደ አርሴማ አስጠጉ። ከቡሉኮው ጫፍ ያዙና ከፍ አድርገው ያዙላት። «ነይ ልጄ፣ ግቢ» አሏት። ሲስተር ለካ መስኮቱ ጋ ቆማ ስትሰማ ኖሯል፤ አገኘሽን አይታ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ለእናትየው ይነገር ያለችው ነገር እንደማይነገር ሁለታችንም ያኔ ገባን። አገኘሽ አሁንም አልተንቀሳቀሰችም። አርሴማ ወደ እሷ ዞረች፣ ወደ እኔ ዞረች፣ ከዚያ ሽማግሌውን ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው። እግሯን ግን አልዘረጋችም።

«አይበርደኝም» አለች።

እውነቷን ነው። ክፍሉ ምድጃ ሆኗል፤ የራሷም ግንባር በላብ ያበራል። አባባ ኤርጫፎ የቡሉኮውን ጫፍ አላወረዱም።

«እኔን በርዶኛል» አሉ።

አርሴማ ይህን ስትሰማ ተነሳች። ከሥሩ ገብታ ጎናቸው ልጥፍ ብላ ተቀመጠች፤ በሁለት እጇ ያን ከባድ ቡሉኮ እየጎተተች የሽማግሌውን ጉልበት አለበሰች፣ ዳር ዳሩንም እንዳይገለጥ ጠቅጠቅ አደረገችው። ከዚያ ቀና ብላ አየቻቸው።

«አሁንስ?» አለቻቸው።